አሊያንዝ ፕሮ ሺነ

አሊያንዝ ፕሮ ሺነ የጀርመን መንግሥት ለመንገደኛና ለጭነት ባቡር የሚመድበው ገንዘብ እንዲጨምር የሚወተውት፣ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በርሊን የሚገኝ የማኅበራት ጥምረት ነው። «ሺነ» በጀርመንኛ ሐዲድ ማለት ሲሆን፣ ስሙ «ኅብረት ለሐዲድ» እንደ ማለት ነው። ጥምረቱ የተመሠረተው በ2000 ነው (በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። 24 ያህል ለትርፍ ያልተቋቋሙ ማኅበራት በአባልነት ይገኙበታል፤ የእነዚህ ማኅበራት አባላት ሲደመሩ ከ2.5 ሚሊዮን ሰው በላይ ይሆናሉ። ከዚህ ሌላ ከ150 የሚበልጡ የባቡር ዘርፍ ኩባንያዎች ይደግፉታል።

ጥምረቱ ራሱ ሐዲድ አይዘረጋም፤ ባቡርም የለውም። ሥራው ጥናት ማሳተም፣ ለምክር ቤት አባላትና ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሐሳብ ማቅረብ፣ ለጋዜጠኞች አኃዝ ማቀበልና በየዓመቱ ሽልማት መስጠት ነው። በሰፊው የሚታወቀው ግን በአንድ ሰንጠረዥ ነው። ይህ በየዓመቱ የሚወጣ ሰንጠረዥ የአውሮፓ አገሮች ለባቡር መሠረተ ልማት በነፍስ ወከፍ ስንት ዩሮ እንደሚያወጡ ያነጻጽራል።

አባላቱና የጋራ ጥያቄያቸው

ከአባላቱ መካከል ቡንድ፣ ናቡ፣ ዶይቸ ኡምቬልትሂልፈና ናቱርፍሮይንደ የተባሉት የአካባቢ ጥበቃ ማኅበራት፣ ፕሮ ባንን የመሳሰሉ የተሳፋሪዎች ማኅበራት እንዲሁም ሁለቱ የባቡር ሠራተኞች ማኅበራት፣ ኤፋውጌ እና ጌዴኤል፣ ይገኙበታል። ለማያውቀው ሰው የሚያስገርመው አሴኤ እና አሴፋው የተባሉት ሁለት የመኪና ባለቤቶች ክበቦችም አባል መሆናቸው ነው። ኩባንያዎቹ በአንጻሩ የሚቆጠሩት እንደ ደጋፊ እንጂ እንደ አባል አይደለም። ከእነሱ ውስጥ ባቡር የሚያንቀሳቅሱ፣ ሎኮሞቲቭና ፉርጎ የሚሠሩ፣ ሐዲድ የሚዘረጉና የሲግናል መሣሪያ የሚያቀርቡ አሉ።

እነዚህ ወገኖች በብዙ ጉዳይ አይስማሙም። ኤፋውጌ እና ጌዴኤል በአንድ ኩባንያ ውስጥ ለአንድ ዓይነት ሠራተኛ የሚፎካከሩ ማኅበራት ናቸው፤ በተለይ በ2015 የወጣው የሠራተኛ ስምምነት ሕግ ፉክክሩን አባብሶታል። በሕጉ መሠረት በአንድ የሥራ ቦታ ሁለት ስምምነቶች ቢጋጩ የሚጸናው ብዙ አባላት ያሉት ማኅበር የተፈራረመው ነው። የመንግሥት ንብረት የሆነው ዶይቸ ባን ሐዲዱንም ባቡሩንም አንድ ላይ ይያዝ ወይስ ሐዲዱ ተለይቶ ለብቻው ይቁም የሚለው ጥያቄ ደግሞ ዘርፉን ለሁለት ይከፍላል። ኤፋውጌ መከፈሉን አጥብቆ ይቃወማል፤ ከዶይቸ ባን ጋር የሚወዳደሩት የግል ባቡር ኩባንያዎች ግን ይፈልጉታል።

ጥምረቱ በዚህ ክርክር ወገን አልያዘም። ባቡሩን ማን ያስተዳድረው የሚለውን ትቶ ለሐዲዱ ስንት ይመደብ፣ በምን ሕግ ይመደብ የሚለውን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ረጅም ዕድሜውን ያገኘው በዚህ ነው ለማለት ይቻላል፤ ምክንያቱም ተጨማሪ ገንዘብ ሁሉንም የሚጠቅምና ማንንም የማይጎዳ ጥያቄ ነው። በ2005 አካባቢ የተቋቋመው «ባን ፊውር አለ» (ባቡር ለሁሉም) የተባለ ሌላ ጥምረት መንገዱ ከዚህ የተለየ ነበር። እሱ ዶይቸ ባን ወደ ግል እንዳይዞር በቀጥታ ታግሏል።

ታሪካዊ መነሻ

በጥር 1994 የምዕራብ ጀርመኑ ቡንደስባን እና የምሥራቁ ራይሕስባን ተዋሕደው ዶይቸ ባን የተባለ አክሲዮን ማኅበር ሆኑ። አክሲዮኑ በሙሉ የፌደራሉ መንግሥት ነው። የለውጡ ዓላማ የመንግሥትን ወጪ መቀነስና ባቡሩ ከመኪና ጋር ተወዳድሮ ብዙ ተሳፋሪና ጭነት እንዲያገኝ ማድረግ ነበር። በ1996 ደግሞ የአጭር ርቀት መስመሮች ኃላፊነት ወደ ክፍላተ አገር መንግሥታት ተላለፈ፤ ለዚህም ከፌደራሉ ቋሚ ገንዘብ ተመደበላቸው። ይህ ሁለተኛው ለውጥ በአብዛኛው እንደ ስኬት ይታያል።

የመጀመሪያው ውጤት ግን የተደባለቀ ነበር። ዶይቸ ባን ለአክሲዮን ገበያ እንዲበቃ ትርፍ ማሳየት ስለነበረበት ወጪ የሚያበዙ ነገሮችን አስወገደ። ብዙም የማይነዳባቸው መስመሮች ተዘጉ። ባቡር ከባቡር የሚተላለፍባቸው ተጨማሪ ሐዲዶችና የሐዲድ መቀየሪያዎች ተነቀሉ። ወደ ፋብሪካ የሚገቡ ቅርንጫፍ ሐዲዶችም በሺዎች የሚቆጠሩ ጠፉ። በ1994 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የኩባንያው መረብ ወደ 33 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ወረደ። በዚያው ጊዜ ግን የባቡር ጉዞም የባቡር ጭነትም እየጨመረ ነበር፤ ብዙ ባቡር በጠበበ ሐዲድ ላይ መግባት ጀመረ። አንድ ባቡር ሲዘገይ ከኋላው ያሉት ሁሉ የሚዘገዩት የማለፊያ ቦታ ስላነሰ ነው። በ2024 ከዶይቸ ባን የረጅም ርቀት ባቡሮች በሰዓታቸው የደረሱት 62.5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህም ቢሆን እስከ ስድስት ደቂቃ የሚደርስ መዘግየት እንደ መዘግየት ሳይቆጠር ነው።

አክሲዮኑን የመሸጡ ዕቅድ እስከ 2008 ዘልቋል። በዚያ ዓመት ቡንደስታግ የትራንስፖርት ክፍሉን እስከ 24.9 በመቶ ለግል ባለሀብት ለመሸጥ ፈቅዶ ነበር። በጥቅምት ወር የዓለም የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ሽያጩ ቆመ፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።

የነፍስ ወከፍ ሰንጠረዥ

የበጀት ቁጥር ለብዙ ሰው አይጨበጥም። አንድ መንግሥት በዓመት ለሐዲድ ስምንት ቢሊዮን አወጣ ሲባል ብዙ ይሁን ትንሽ ለመፍረድ ያስቸግራል። ጥምረቱ ያደረገው ቢሊዮኑን ለሕዝቡ ቁጥር ማካፈልና ከጎረቤት አገር ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ስሌቱን ኤስሴኢ ፌርኬር ከተባለው የባቡር ዘርፍ አማካሪ ድርጅት ጋር ያዘጋጃል።

በ2019 ጀርመን በነፍስ ወከፍ 76 ዩሮ ስታወጣ ኦስትሪያ 226፣ ስዊዘርላንድ 404፣ ሉክሰምበርግ 448 ዩሮ አውጥተዋል። በ2021 የጀርመን ቁጥር ወደ 124 ከፍ ካለ በኋላ በ2022 ወደ 114 ተመለሰ፤ በ2023 ደግሞ 115 ነበር። በዚያው 2023 ኦስትሪያ 336፣ ስዊዘርላንድ 477፣ ሉክሰምበርግ 512 ዩሮ ደርሰዋል። በ2024 የጀርመን ቁጥር በአንድ ጊዜ ዘሎ ወደ 200 ዩሮ ተጠጋ፤ ይህም በሰንጠረዡ ታሪክ ለጀርመን ከፍተኛው ነው።

ሰንጠረዡ በወጣ ቁጥር የጀርመን ጋዜጦች ይዘግቡታል፤ የተቃዋሚ ፓርቲ አባላትም በምክር ቤት ይጠቅሱታል። ይሁንና ሲነበብ ጥንቃቄ ይሻል። ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ ተራራማ አገሮች ስለሆኑ አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ የሚያስወጣቸው ከሜዳማው ሰሜን ጀርመን ይበልጣል። ስዊዘርላንድ በ2016 የከፈተችው የጎትሃርድ የባቡር ዋሻ 57 ኪሎ ሜትር ነው። የኦስትሪያው የኮራልም ዋሻ 33 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። የሉክሰምበርግ ሕዝብ ከአንድ ትልቅ የጀርመን ከተማ ያነሰ በመሆኑ አንድ ፕሮጀክት ብቻውን የነፍስ ወከፉን ቁጥር ያስዘልለዋል። ሌላው ችግር ቁጥሩ የሚለካው የወጣውን ገንዘብ እንጂ በገንዘቡ የተሠራውን አለመሆኑ ነው። የግንባታ ዋጋ ሲንር ሐዲዱ ሳይረዝም ቁጥሩ ብቻውን ሊያድግ ይችላል። ከ2022 በኋላ በጀርመን የሆነው በከፊል ይኸው ነው። ቢሆንም በ76 እና በ404 መካከል ያለውን ልዩነት ተራራ ብቻውን አያስረዳውም።

የተሳኩና ያልተሳኩ ዘመቻዎች

ጥምረቱ ከተመሠረተ ጀምሮ ከሚያነሳቸው ነጥቦች አንዱ የውድድር ሜዳው እኩል አይደለም የሚለው ነው። ባቡር ለሚሄድበት ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ይከፍላል፤ ከባድ መኪና ግን ለብዙ ዘመን በአውራ ጎዳና ላይ በተጓዘው ልክ አይከፍልም ነበር። በጥር 2005 ጀርመን ከ12 ቶን ጀምሮ ባሉ የጭነት መኪናዎች ላይ በሳተላይት የሚቆጠር የመንገድ ክፍያ ጀመረች። ሥርዓቱ መጀመር የነበረበት በ2003 ሲሆን በቴክኒክ ችግር ዘግይቶ ነው። ክፍያው በ2015 ወደ 7.5 ቶን ወረደ፤ በ2018 ሁሉንም የፌደራል መንገዶች ሸፈነ፤ በ2024 ደግሞ ከ3.5 ቶን በላይ ያሉትን መኪናዎች በሙሉ ጨመረ።

ለረጅም ጊዜ ከክፍያው የሚሰበሰበው ገንዘብ ተመልሶ ለመንገድ ብቻ ይውል ነበር። ጥምረቱ ይህ ክብ እንዲሰበር ጠይቋል። በታኅሣሥ 2023 በአንድ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 200 ዩሮ የሚሰላ ጭማሪ በመንገድ ክፍያው ላይ ሲጣል፣ ከተጨማሪው ገቢ አብዛኛው ለሐዲድ እንዲውል ተወሰነ።

ሁለተኛው ስኬት የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። በረጅም ርቀት የባቡር ቲኬት ላይ ይጣል የነበረው 19 በመቶ ሲሆን፣ ወደ ውጭ አገር የሚበር የአውሮፕላን ቲኬት ግን ከዚህ ታክስ ነጻ ነበር። በ2019 መንግሥት የአየር ንብረት ዕቅዱን ሲያወጣ የባቡሩን ታክስ ወደ 7 በመቶ አወረደው፤ ለውጡም በጥር 2020 ሥራ ላይ ዋለ። ዶይቸ ባን የቲኬቱን ዋጋ በዚያው ልክ ቀነሰ።

ያልተሳካለትም አለ። ርዝመታቸው እስከ 25.25 ሜትር የሚደርስ የጭነት መኪናዎች በጀርመን መንገዶች ላይ እንዳይፈቀዱ ጥምረቱ ለዓመታት ተከራክሯል። መከራከሪያው አንድ ከባድ መኪና ብዙ ጭነት በርካሽ በወሰደ ቁጥር ከባቡር የሚወጣው ጭነት ይበዛል የሚል ነው። ሙከራው በ2012 ተጀመረ፤ በጥር 2017 ደግሞ መኪናዎቹ በተወሰኑ መንገዶች ላይ በቋሚነት ተፈቀዱ።

የጭነቱ ጉዳይ በአጠቃላይ ከመንገደኛው ይልቅ የከበደ ሆኗል። መንግሥት በ2030 ከአገሪቱ ጭነት 25 በመቶው በባቡር እንዲሄድ አቅዷል፤ ድርሻው ግን ለዓመታት ከአንድ አምስተኛ ገደማ አልተነሳም። ፋብሪካ ሙሉ ባቡር የሚሞላ ጭነት ሲኖረው፣ ለምሳሌ የብረት ማዕድን ወይም ኮንቴይነር ሲያስጭን፣ ባቡር ያዋጣዋል። አንድና ሁለት ፉርጎ ብቻ የሚልክ ከሆነ ግን ፉርጎዎቹ ከየቦታው ተሰብስበው፣ በማቀናጃ ጣቢያ ተደርድረው፣ እንደገና መበተን አለባቸው። ይህ አገልግሎት ወጪው ከፍተኛ ነው፤ የፋብሪካ ቅርንጫፍ ሐዲዶች በተነቀሉ ቁጥር ደግሞ ደንበኛው ይሳሳል። ለዚህ ነው ጥምረቱ ለነጠላ ፉርጎ አገልግሎት ድጎማ እንዲሰጥ ከሚጠይቁት ጋር የቆመው። ድጎማው በ2024 ተጀምሯል።

ገንዘቡ የሚገባበት መንገድ

በኅዳር 2021 ሦስት ፓርቲዎች መንግሥት ሲመሠርቱ፣ በስምምነታቸው ውስጥ ለሐዲድ ከመንገድ በእጅጉ የሚበልጥ ገንዘብ እንደሚያወጡ ጻፉ። ይህ የጥምረቱ የቆየ ጥያቄ ነበር። ስለ ዶይቸ ባን መዋቅርም አስታራቂ ሐሳብ ተገኘ። ሐዲዱና ጣቢያዎቹ በአንድ ክፍል ይጠቃለላሉ፤ ክፍሉ ለሕዝብ ጥቅም ይሠራል፤ ከዶይቸ ባን ግን አይወጣም። ዲቤ ኢንፍራጎ የተባለው ይህ ክፍል በጥር 2024 ሥራ ጀመረ።

በመጋቢት 2023 የመንግሥቱ ፓርቲዎች እስከ 2027 ባለው ጊዜ ለሐዲድ እስከ 45 ቢሊዮን ዩሮ ተጨማሪ ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ተስማሙ። ከዚህ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ይመጣል የተባለው ከአየር ንብረት ፈንዱ ነበር። በኅዳር 15 ቀን 2023 ግን ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ለኮሮና ወረርሽኝ የተፈቀደ 60 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ወደዚህ ፈንድ መዛወሩን ሕገ ወጥ ብሎ ሻረው። የሐዲዱ ገንዘብም አብሮ ተናጋ።

መንግሥት ከጎደለው ከፊሉን የተካው የዶይቸ ባንን ካፒታል በማሳደግ ነው። ይህ ዘዴ የብድር ጣሪያውን ስለማይነካ ለገንዘብ ሚኒስቴሩ ይመቻል። ለባቡሩ ግን ሌላ መዘዝ አለው። መንግሥት ለሐዲድ ግንባታ ድጎማ ሲሰጥ ገንዘቡ ተመላሽ አይጠየቅበትም። ካፒታል ሲያስገባ ግን ባለአክሲዮን ስለሆነ ካፒታሉ ትርፍ ያስገኛል ተብሎ ይታሰባል። ትርፉ የሚመጣው ባቡር ኩባንያዎች ለሐዲዱ መጠቀሚያ ከሚከፍሉት ዋጋ ነው። በ2025 የሐዲድ መጠቀሚያ ዋጋ ለጭነት ባቡር በ16.2 በመቶ፣ ለረጅም ርቀት የመንገደኛ ባቡር በ17.7 በመቶ ጨመረ። የአጭር ርቀቱ ዋጋ በሕግ የተገደበ ስለሆነ የጨመረው 0.6 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ባቡሩን ለመደገፍ የገባ ገንዘብ የጭነት ባቡርን ከከባድ መኪና አንጻር አስወደደው ማለት ነው።

ቀደም ሲል ጥምረቱ በዋናነት የሚጠይቀው መጠኑን ነበር። ከዚህ በኋላ ግን ገንዘቡ በየትኛው በር ይግባ የሚለውም የቅስቀሳው ማዕከል ሆነ። የነፍስ ወከፉ ሰንጠረዥ ይህን አያሳይም። በ2024 ቁጥሩ የዘለለውም በከፊል በዚህ የካፒታል ገንዘብ ነው።

በመጋቢት 2025 ቡንደስታግና ቡንደስራት ሕገ መንግሥቱን አሻሽለው በ12 ዓመት የሚወጣ የ500 ቢሊዮን ዩሮ የመሠረተ ልማት ልዩ ፈንድ አቋቋሙ። ባቡርም ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነው። ጥምረቱ ፈንዱን ደገፈ፤ ሆኖም መደበኛው የሐዲድ በጀት ወደ ልዩ ፈንዱ እየተዛወረ በመደበኛው በጀት የተለቀቀው ቦታ ለሌላ ወጪ እንዳይውል አስጠነቀቀ፤ የበጀቱ ረቂቅ ሲወጣም በዚሁ ነቀፈው። ጀርመኖች ለእንዲህ ያለ የሒሳብ ማዛወር «ፌርሺበባንሆፍ» የሚል ቃል አላቸው። ቃሉ በቀጥታ ትርጉሙ ፉርጎዎች ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው እየተገፉ የሚቀናጁበት ጣቢያ ነው፤ ፉርጎው ቦታ ይለውጣል እንጂ ቁጥሩ አይጨምርም።

የስዊዘርላንድ ምሳሌ

ጥምረቱ የሚመኘው ሥርዓት የስዊዘርላንዱ ዓይነት ነው። በጀርመን የሐዲድ ገንዘብ የሚወሰነው በየዓመቱ በጀት ነው። ለጥገናና እድሳት ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የ86 ቢሊዮን ዩሮ ስምምነት ቢኖርም (ከዚህ ውስጥ 62 ቢሊዮኑ የፌደራሉ መንግሥት ነው)፣ አዲስ ግንባታ በየዓመቱ የፖለቲካ ነፋስ ይወዛወዛል። የግንባታ ኩባንያ ደግሞ የዛሬ ሦስት ዓመት ሥራ መኖሩን ካላወቀ ባለሙያ አይቀጥርም፤ ማሽንም አይገዛም።

በስዊዘርላንድ ጉዳዩን የሚወስነው ሕዝቡ ነው። በ1987 የባቡሮችን የጊዜ ሰሌዳ በመላ አገሪቱ ለማናበብ የታቀደው «ባን 2000» በሕዝበ ውሳኔ ጸደቀ። በ1992 በአልፕስ ተራሮች ሥር የሚያልፉት ዋሻዎች፣ በ1998 ደግሞ የገንዘብ ምንጫቸው ተፈቀደ። ከዚያም የትራፊክ ክበቡ ፋውሴኤስ ከሌሎች ጋር ሆኖ ለሕዝብ ትራንስፖርት የቆመ የሕዝብ ጥያቄ ፊርማ አሰባሰበ። መንግሥት በምላሹ የራሱን አማራጭ አቀረበ፤ አማራጩም በየካቲት 2014 በ62 በመቶ ድምፅ አለፈ። በዚህ መሠረት ከ2016 ጀምሮ የጊዜ ገደብ የሌለው የባቡር መሠረተ ልማት ፈንድ ተቋቁሟል። ፈንዱ ከከባድ መኪና ክፍያ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከነዳጅ ግብርና ከካንቶኖች መዋጮ ይሞላል። ኦስትሪያም በየዓመቱ የሚታደስ የስድስት ዓመት የግንባታ ዕቅድ አላት።

የጀርመን መንግሥት እንዲህ ያለ ፈንድ ለማቋቋም ሐሳብ ሲያነሳ ሲጥል ቆይቷል። እንቅፋቱ በምክር ቤቱ ውስጥም አለ፤ ቋሚ ፈንድ ማለት ምክር ቤቱ በየዓመቱ በበጀት ላይ ያለውን ሥልጣን በከፊል መልቀቁ ነውና።

የተዘጉ መስመሮችን መክፈት

ከ2019 ወዲህ ጥምረቱ የትራንስፖርት ድርጅቶች ማኅበር ከሆነው ፋውዴፋው ጋር በመሆን እንደገና ሊከፈቱ የሚገባቸውን መስመሮች ዝርዝር ለሕዝብ ሲያቀርብ ቆይቷል። ፋውዴፋው በ2022 ባወጣው ዝርዝር 277 መስመሮች ያሉ ሲሆን ርዝመታቸው በድምሩ 4,573 ኪሎ ሜትር ነው።

ለዚህ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ በሽቱትጋርት አቅራቢያ ያለው የሾንቡሕ መስመር ነው። ከቦብሊንገን እስከ ዴተንሃውዘን ያለው ይህ 17 ኪሎ ሜትር መስመር በ1966 ለመንገደኛ ተዘግቶ ነበር። የአካባቢው አስተዳደሮች መስመሩን ተረክበው በታኅሣሥ 1996 ሲከፍቱት የተሳፋሪው ብዛት ከግምቱ እጅግ አለፈ። በኋላም በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ተደርጎ በከፊል ጥንድ ሐዲድ ተዘረጋለት። በአጠቃላይ ግን ሥራው አዝጋሚ ነው። ከ1994 ወዲህ እንደገና የተከፈተው ከተዘጋው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው፤ አንድ መስመር ከጥናት እስከ መጀመሪያው ባቡር አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

ትችትና ውስጣዊ ውጥረት

ከባዱ ትችት የሚነሳው ከገንዘቡ ተጠቃሚዎች ነው። ጥምረቱን ከሚደግፉት ኩባንያዎች ብዙዎቹ መንግሥት ለሐዲድ ባወጣ ቁጥር ሥራ የሚያገኙ ናቸው፤ ስለዚህ የሕዝብ ጥቅምና የኩባንያ ጥቅም የት ላይ እንደሚለያዩ ከውጭ ለሚያይ ግልጽ አይደለም። ጥምረቱ አባልነትን ለትርፍ ላልቆሙ ማኅበራት ብቻ የወሰነው ይህን ለመመለስም ይረዳዋል።

ሁለተኛው ውጥረት ከአካባቢ ጥበቃ ማኅበራቱ ይመጣል። ማኅበራቱ በበርሊን ደረጃ ባቡር እንዲስፋፋ ይጠይቃሉ። አዲስ ሐዲድ በእርሻ፣ በጫካና በመንደር አጠገብ ሲታቀድ ግን ከተቃዋሚዎቹ መካከል የአካባቢው ተፈጥሮ ወዳዶች አይጠፉም። በሃምቡርግና በሃኖቨር መካከል አዲስ መስመር ይዘርጋ ወይስ ነባሩ ይስፋ የሚለው ክርክር ለዓመታት የቆየው በዚህ ዓይነት ተቃውሞ ነው። ድምፅም ሌላው ጉዳይ ነው። በራይን ሸለቆ የሚኖሩ ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ የሚያልፉት የጭነት ባቡሮች እንቅልፍ ነሱን ሲሉ ኖረዋል። የአሮጌ ፉርጎዎች የብረት ፍሬን የመንኮራኩሩን ገጽ ስለሚያሻክረው ጩኸቱ ይበረታል። ከታኅሣሥ 2020 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ፉርጎዎች በጀርመን ሐዲድ ላይ እንዳይሄዱ በሕግ ተከልክሏል፤ ፉርጎዎቹም መንኮራኩሩን በማያሻክር የፍሬን ዓይነት ተቀይረዋል።

የጥገናውም ሥራ ራሱ ደጋፊን የሚያስከፋበት ጊዜ አለ። በፍራንክፈርትና በማንሃይም መካከል ያለው 70 ኪሎ ሜትር ያህል መስመር ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 2024 ለአምስት ወር ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ታድሷል፤ ወጪውም ከአንድ ቢሊዮን ዩሮ በላይ ነው። መንገደኞች በአውቶቡስ ሲጓጓዙ የጭነት ባቡሮች ግን ረጅም ዙሪያ መሄድ ነበረባቸው። በዚሁ ዘዴ 40 ያህል ዋና ዋና መስመሮች እንዲታደሱ ታቅዶ ነበር፤ የማጠናቀቂያው ጊዜ ግን ከ2030ዎቹ መጀመሪያ ወደ አጋማሹ ተገፍቷል።

ሽልማቶች

ጥምረቱ ከ2004 ጀምሮ «የዓመቱ ባቡር ጣቢያ» የተባለ ሽልማት ይሰጣል። ዳኞቹ ጣቢያዎቹን ሳያሳውቁ ይጎበኛሉ፤ የሚያዩትም ንጽሕናን፣ መረጃን፣ ከአውቶቡስና ከብስክሌት ጋር ያለውን ግንኙነት እንዲሁም ጣቢያው በከተማው ውስጥ ያለውን ቦታ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከትልልቆቹ ሃኖቨር፣ ከትንንሾቹ ሉበን አሸንፈዋል። በ2007 የበርሊን ዋና ጣቢያ ከተከፈተ በዓመቱ ተሸልሟል። በ2009 ከትንንሾቹ ያሸነፈው የኡልትሰን ጣቢያ ነው፤ ይህን አሮጌ ሕንፃ ኦስትሪያዊው ሠዓሊ ፍሪደንስራይሕ ሁንደርትቫሰር በነደፈው መሠረት በቀለማማ ዓምዶችና በተጠማዘዘ መስመር አስጊጠውታል። «ልበ ደግ የባቡር ሠራተኛ» የተባለው ሌላው ሽልማት ደግሞ ተሳፋሪዎች ራሳቸው በላኩት ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ለቲኬት ተቆጣጣሪዎች፣ ለባቡር ነጂዎችና ለጣቢያ ሠራተኞች ይሰጣል።